አናቱ ላይ «ፒኤስኤፍኤስ» የሚል ቀይ ጽሑፍ ስላለው የፊላደልፊያ ሕንጻ ለልጆች ምን ይነገራል?

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ፊላደልፊያ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ የምናስተምራቸውን ልጆች ይዤ መሃል ከተማውን በእግር እንዳስጎበኝ ተመድቤአለሁ። አንዱ የምንቆምበት ቦታ ማርኬት ጎዳና ላይ ያለው፣ አናቱ ላይ ፒኤስኤፍኤስ የሚል ትልቅ ቀይ ጽሑፍ ያለው የድሮ ባንክ ሕንጻ ነው። እስካሁን የሰበሰብኩት ይህን ነው፦ የአሜሪካ የመጀመሪያው ሰማይ ጠቀስ ሕንጻ ነው፤ ባንኩ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ ከስሮ ተዘጋ፤ ሕንጻው የተረፈው ስላማረ ነው፤ አሁን ብሔራዊ ቅርስ ሆኖ ስለተመዘገበ ማንም ሊነካው አይችልም። ልክ ነኝ? ውስጡንስ ላሳያቸው እችላለሁ? ለዚህ ቦታ ያለኝ 20 ደቂቃ ብቻ ነው።»

ከአራቱ አንዱንም እንዳለ ለልጆቹ አትንገሪያቸው። ሁሉም የእውነት ጫፍ ይዘዋል፣ ግን ጫፍ ብቻ ነው። ልጅ ደግሞ መጀመሪያ የሰማውን ነው ይዞ የሚያድገው። ስለዚህ አንድ በአንድ እናስተካክላቸው። ዓመቶቹን የምጽፍልሽ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ከ«የመጀመሪያው» እንጀምር። ይህ ሕንጻ የተከፈተው በ1932 ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያው ሰማይ ጠቀስ የሚለው የቺካጎው የሆም ኢንሹራንስ ሕንጻ ያለቀው በ1885 ነው፤ ማለትም ወደ ሃምሳ ዓመት ይቀድመዋል። በቁመትም ቢሆን አንደኛ አይደለም። ፒኤስኤፍኤስ ባለ 36 ፎቅ ነው፣ ቁመቱ 150 ሜትር ገደማ። ከሱ አንድ ዓመት ቀድሞ ኒውዮርክ ውስጥ የተመረቀው ኤምፓየር ስቴት ግን 102 ፎቅ ነበረው። እዚያው ፊላደልፊያ ውስጥ እንኳ፣ በማርኬት ጎዳና ትንሽ ወደ ምዕራብ ሄድ ስትዪ የምታገኚው የከተማው አስተዳደር ሕንጻ፣ አናቱ ላይ ካቆመው የዊልያም ፔን ሐውልት ጋር 167 ሜትር ነው። ከዚያ ሐውልት ባርኔጣ በላይ አይሠራም የሚል ያልተጻፈ ስምምነት ስለነበረ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ ማንም አልፎት አያውቅም።

ታዲያ ይህ ሕንጻ አንደኛ የሚባለው በምንድነው? በአሠራሩ ስልት። አሜሪካ ውስጥ በዘመናዊው ስልት፣ ማለትም ያለ ጌጥ፣ ያለ ግሪክ ዓምድ፣ ያለ ቅርጻ ቅርጽ የተሠራ የመጀመሪያው ሰማይ ጠቀስ እየተባለ ይጠቀሳል። ለልጆቹ «አንደኛ» የሚለውን ቃል መጠቀም ከፈለግሽ እዚህ ላይ ብቻ ተጠቀሚበት፤ ከዚህ ውጪ አትሞክሪው።

አሁን ወደ ባንኩ። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ለልጆቹ የሚሆነው ምርጥ ታሪክ ያለው እዚህ ነው፤ ያንቺ ጽሑፍ ውስጥ ግን ጭራሽ የለም። አራቱ ፊደላት የ«ፊላደልፊያ ሴቪንግ ፈንድ ሶሳይቲ» ምህጻረ ቃል ናቸው፤ የፊላደልፊያ የቁጠባ ገንዘብ ማኅበር እንደማለት። የተቋቋመው በ1816 ነው። በዚያ ዘመን ባንክ የነጋዴና የሀብታም ቤት ነበር። የቀን ሠራተኛ፣ ልብስ አጣቢ፣ የቤት ሠራተኛ ሁለት ሦስት ዶላር ይዞ ቢሄድ የሚያስተናግደው አልነበረም። ይህ ማኅበር የተቋቋመው ለእነሱ ነው። ባለአክሲዮን የለውም፤ የተገኘው ትርፍ ለራሳቸው ለአስቀማጮቹ ነው የሚውለው። እቁብና እድር እያየ ላደገ ሰው ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ ዕጣ አለመኖሩ ነው፤ ሁሉም በስሙ ያስቀምጣል፣ ወለድ ያገኛል።

የመጀመሪያው አስቀማጭ ደግሞ ከርቲስ ሮበርትስ የሚባል ጥቁር ሰው ነው። ባንኩን ካቋቋሙት አንዱ የኮንዲ ራጌ የቤት ሠራተኛ ነበር። ያስቀመጠው 5 ዶላር። ልብ በይ፣ ያን ጊዜ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ጥቁር ሰው በገበያ ይሸጥ ነበር፤ ባርነት በአገሪቱ በሙሉ እስኪቀር ገና ወደ ሃምሳ ዓመት ይቀራል። በዚያ ዘመን አንድ ጥቁር የቤት ሠራተኛ በራሱ ስም የባንክ ደብተር አወጣ። እኔ ይህን ታሪክ ባነሳሁት ቁጥር ያስደስተኛል። አሜሪካ ተወልደው ለሚያድጉ ያበሻ ልጆች ከፎቁ ቁጥር ይልቅ ይህ ይሻላቸዋል።

ወደ ሕንጻው ስንመለስ፣ አንድ ነገር መረዳት አለብሽ። በዚያ ዘመን ባንክ ሲሠራ የግሪክ ቤተ መቅደስ እንዲመስል ነበር የሚደረገው። ወፋፍራም ዓምድ፣ ከባድ ድንጋይ፣ ትልቅ የነሐስ በር። ምክንያቱም ሰውየው ገንዘቡን የሚሰጠው ለማያውቃቸው ሰዎች ነው፤ ሕንጻው «አንወድቅም» ብሎ መናገር ነበረበት። አርክቴክቱ ጆርጅ ሃውም እንዲህ ያለውን ሥራ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነበር። ለዚሁ ባንክ ቅርንጫፎችን የሠራው በድሮው ስልት ነው። በ1929 ግን ከስዊስ ከመጣው ከወጣቱ ዊልያም ለስካዝ ጋር ሽርክና ገባ፤ ከዚያ በኋላ ያወጡት ንድፍ ከድሮው ጋር ምንም የሚያገናኘው አልነበረም።

ያሳመኑት ሰው የባንኩ ፕሬዚዳንት ጄምስ ዊልኮክስ ነው። ዊልኮክስ ወግ አጥባቂ ሰው ነበር፣ የሌላ ሰው ገንዘብ በእጁ ያለ ሰው እንደሚሆነው። ፋሽን ስለሆነ ብሎ አይቀበልም። እያንዳንዱን ነገር ለምን ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኔ እንደማየው ሕንጻውን ጥሩ ያደረገው የሁለቱ አርክቴክቶች ችሎታ ብቻ አይደለም፤ ይህ የማይለቅ ደንበኛም ነው።

አንዱ ክርክር በፊቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አርክቴክቶቹ ሕንጻው የተነባበሩ አግድም ወለሎች እንዲመስል ነበር የፈለጉት፤ ዓምዶቹ ወደ ውስጥ ገብተው ይደበቁ አሉ። ዊልኮክስ ደግሞ ረጅም ሕንጻ ወደ ላይ መሄዱ ይታይ አለ። በመጨረሻ ሁለቱም ሆነ። በረጃጅሞቹ ጎኖች ዓምዶቹ ወደ ውጭ ወጥተው ከታች እስከ ላይ እንደ ገመድ ይወርዳሉ። በማርኬት ጎዳና በኩል ባለው ጠባብ ፊት ግን ዓምድ አይታይም፤ ወለሎቹ ከዓምዶቹ አልፈው ወደ ፊት ስለወጡ መስኮቶቹ በአግድም ዝርግ ብለው ይሄዳሉ። ልጆቹን «ወደ ላይ የሚሄደው መስመር የትኛው ጎን ነው? ወደ ጎን የሚሄደውስ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። የሰባት ዓመት ልጅ ያገኘዋል።

ሁለተኛው ብልሃት ከታች ነው። ማርኬት ጎዳና የሱቅ መንገድ ነው። የምድር ቤቱን ለባንክ ከያዝሽው ጥሩ ኪራይ የሚያመጣውን ቦታ ሰዋሽ ማለት ነው። ስለዚህ ምድሩን ለሱቅ አከራዩትና የባንክ አዳራሹን ወደ ሁለተኛው ፎቅ አወጡት። ግን 10 ዶላር ለማስቀመጥ ደረጃ የሚወጣ ሰው ማን ነው? መልሱ ኤስካሌተር ሆነ። ዛሬ በየገበያ ማዕከሉ ስላለ ምንም አይመስለንም፤ በ1932 ግን ከመንገድ ገብተሽ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ ቆመሽ ወደ ባንክ መውጣት አዲስ ነገር ነበር። የምድር ባቡሩም ከስር ስለሚያልፍ አስቀማጩ ከሥራ ሲመለስ ወርዶ ገንዘቡን አስቀምጦ መሄድ ይችላል።

አዳራሹ ውስጥ ደግሞ ሰፊ ባዶ ቦታ ያስፈልጋል፤ ከላይ ግን ሠላሳ ምናምን ፎቅ ተጭኗል። ያን ሁሉ ክብደት ተሸክሞ ወደ ዳር የሚያስተላልፈው ከአዳራሹ በላይ ያለ፣ በእንግሊዝኛ ትረስ የሚባል ግዙፍ የብረት ማዋቀሪያ ነው፤ ድልድይ ላይ እንደምናየው ዓይነት። አዳራሹ ከማዕዘኑ ላይ ጎበጥ ብሎ ይዞራል፤ ከሥሩ በተወለወለ ጥቁር ግራናይት ተለብጧል። ከመንገድ ላይ ሆነሽ በደንብ የሚታይሽ ይህ ነው።

ከጀርባ በኩል ብትዞሪ ጥቁር ጡብ የለበሰ ሌላ ክፍል ታያለሽ። ሊፍቱ፣ ደረጃው፣ መጸዳጃ ቤቱ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። ከላይ ሲታይ ሕንጻው የእንግሊዝኛውን ቲ ፊደል ይመስላል፤ የቲው እግር ቢሮ ነው፣ አግዳሚው የአገልግሎት ክፍል። ቢሮዎቹ መሃል ላይ ምንም የሚያደናቅፍ ነገር የለም፣ ብርሃን በሁለቱም ጎን ይገባል። ይህን ያዢልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሌላም ብዙ አለ። ከሳን አንቶኒዮው ሚላም ሕንጻ ቀጥሎ ከታች እስከ ላይ አየር ማቀዝቀዣ የገባለት ሁለተኛው የአሜሪካ ረጅም የቢሮ ሕንጻ ነው። ይህ ቅንጦት አልነበረም። ግንባታው የተጠናቀቀው ኢኮኖሚው እንክትክት ባለበት ሰዓት ነው፣ ቢሮ ተከራይ ጠፍቷል፤ የፊላደልፊያ ሐምሌ ደግሞ እንዴት እንደሚያፍን ታውቂዋለሽ። ቀዝቃዛ ቢሮ ያለው ተከራይ ያገኛል። በየፎቁ የተሰቀሉት ሰዓቶች በታዋቂው የፈረንሳይ የጌጣጌጥ ቤት በካርቲዬ የተሠሩ ናቸው። ጠቅላላ ወጪው ወደ 8 ሚሊዮን ዶላር ነበር።

ጽሑፉ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። እያንዳንዱ ፊደል 27 ጫማ ይረዝማል፣ 8 ሜትር ከፍ ያለ ማለት ነው። በቀይ ኒዮን የበራው ገና ሲከፈት ጀምሮ ነው። የባንኩ ሙሉ ስም ከሩቅ ሊነበብ ስለማይችል ምህጻረ ቃሉን ብቻ አደረጉት፤ በዚያ ጊዜ ድርጅት ራሱን በአራት ፊደል ብቻ መጥራቱ ያልተለመደ ነበር። እስከ 20 ማይል ድረስ ይታያል ይባልለታል። በድቀቱ ዓመታት ሥራ ያጣው ሕዝብ ፊደላቱን ለቀልድ ወስዶ «ፊላደልፊያ ቀስ በቀስ ረሃብ ገጠማት» ብሎ ይተረጉማቸው እንደነበር ይነገራል፤ በእንግሊዝኛ ሲሆን መነሻ ፊደላቱ በትክክል ይገጥማሉ።

ይህ ወደ ሁለተኛው ስህተትሽ ይወስደናል። ባንኩ በድቀቱ ጊዜ አልከሰረም። በዙሪያው ሺዎች ባንኮች ሲዘጉ እሱ በራሱ ገንዘብ ይህን ሕንጻ አቁሞ ተከፈተ። ከዚያ በኋላም ስድሳ ዓመት ኖሯል። የፊላደልፊያ ተወላጅ የሆኑ ሽማግሌ ካገኘሽ ጠይቂያቸው፤ በልጅነታቸው በትምህርት ቤት በኩል ሳንቲም እያስቀመጡ የዚህን ባንክ ደብተር የያዙ ብዙ ናቸው።

የወደቀው በ1992 ነው፣ ምክንያቱም ሌላ ነው። የቁጠባ ባንክ የአስቀማጩን ገንዘብ ለቤት መግዣ ያበድራል፣ ለ20 ለ30 ዓመት፣ በማይለወጥ ወለድ። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ወለድ ሰማይ ሲነካ ባንኮቹ ጭንቅ ውስጥ ገቡ፤ ድሮ በትንሽ ወለድ ያበደሩት ገንዘብ ገና አልተመለሰም፣ ለአስቀማጩ ግን ብዙ መክፈል አለባቸው፣ አለዚያ ገንዘቡን አውጥቶ ይሄዳል። በዚህ ላይ በ1982 ሊወድቅ የደረሰውን ዌስተርን ሴቪንግ የተባለውን ሌላ የከተማውን ባንክ በመንግሥት ፈቃድና ስምምነት ተረከበ። በኋላ ስሙን ሜሪተር ብሎ ቀየረ፣ ወደ አክሲዮን ድርጅትነትም ተለወጠ። ከዚያ የመንግሥት ተቆጣጣሪዎቹ ዌስተርንን ሲረከብ ስለ ካፒታሉ፣ ማለትም ባንኩ ሊይዘው ስለሚገባው የራሱ ገንዘብ፣ የተስማሙትን አቋም ቀየሩ፤ በመጨረሻም ታኅሣሥ ውስጥ፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 11 ቀን 1992፣ ባንኩ ተዘጋ። ቅርንጫፎቹን ሜለን ባንክ ወሰደ። ባለአክሲዮኖቹ መንግሥት ውል አፍርሷል ብለው ከሰሱ፣ ከብዙ ዓመት ክርክር በኋላም ፍርድ ቤቱ ፈረደላቸው። ይህን ሁሉ ለልጆች መዘርዘር አያስፈልግም። «ባንኩ 176 ዓመት ከኖረ በኋላ ተዘጋ፣ ሕንጻው ግን ቀረ» ማለት ይበቃል። ወላጆች አብረው ካሉ ግን ወለዱን አንሺላቸው፤ የቤት ብድር ያለበት ሰው ሁሉ ወዲያው ይገባዋል።

ሦስተኛው፣ «የተረፈው ስላማረ ነው» የሚለው። ውበት ብቻውን ሕንጻ አያድንም። በሙያዬ ስንት ያማረ ሲፈርስ አይቻለሁ። ይህን ሦስት ነገሮች ናቸው ያዳኑት። አንደኛ፣ እዚያው አጠገቡ የከተማው የስብሰባ ማዕከል በ1993 ተከፈተ፤ ያን ሁሉ እንግዳ የሚያሳድር ሆቴል ተፈለገ። ሁለተኛ፣ ቅድም ያዢልኝ ያልኩሽ ነገር። ሕንጻው ቀጭን ነው። መስኮት ለሁሉም ክፍል ይደርሳል፣ መሃሉን ኮሪደር ብታደርጊው ግራና ቀኙ መኝታ ክፍል ይሆናል፤ ሊፍቱና ደረጃው ከጀርባ ለብቻው ስላለ ማንቀሳቀስ አያስፈልግም። ዛሬ የሚሠሩት ሆድ የሰፋ የቢሮ ሕንጻዎች ወደ ሆቴልም ወደ መኖሪያም ለመለወጥ የሚያስቸግሩት መሃላቸው ጨለማ ስለሆነ ነው። በ1930 የተሰላ ንድፍ በ2000 ሥራ ሠራ። ሦስተኛው፣ ክብሩ አስቀድሞ የታወቀ መሆኑ ነው። በ1969 የአሜሪካ አርክቴክቶች ማኅበር የፊላደልፊያ ቅርንጫፍ የምዕተ ዓመቱ ሕንጻ ብሎታል፣ በ1976 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ሆኗል። ሎውስ ሆቴል ሆኖ የተከፈተው በ2000 ነው፣ 581 ክፍሎች አሉት። ጽሑፉን አላወረዱትም።

አራተኛው ስህተት ላይ ጥንቃቄ አድርጊ፣ ብዙ ሰው ይሳሳተዋል። ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ መባል ትልቅ ክብር ነው፤ ግን ባለንብረቱ በራሱ ገንዘብ ሊያፈርሰው ቢነሳ የፌዴራሉ ምዝገባ ብቻውን አያስቆመውም። የሚያስቆመው የከተማው ሕግ ነው። «ማንም ሊነካው አይችልም» ካልሻቸው ሐሰት ይሆናል፤ «ሲነካ መጠየቅ አለበት» በያቸው።

ውስጡን ስለማሳየት፦ ቦታው የግል ሆቴል ነው። አንቺና አንድ ጓደኛሽ ብትገቡ ሎቢው ድረስ ማንም አይከለክላችሁም። ሃያ ልጅ ይዞ ሳይነግሩ መግባት ግን ለሠራተኞቹም ለእንግዶቹም አይሆንም። የድሮው የባንክ አዳራሽና 33ኛው ፎቅ ላይ ያለው የቦርዱ ክፍል ዛሬ ለሠርግና ለድግስ ይከራያሉ፤ ቅዳሜ ደግሞ የሠርግ ቀን ነው። ስለዚህ ከሁለት ሳምንት በፊት ደውለሽ ጠይቂ። ከተፈቀደልሽ አዳራሹን ብቻ ምረጪ፤ ሊፍት ጥበቃ 20 ደቂቃሽን ስለሚበላው 33ኛውን ተይው። ካልተፈቀደልሽም ብዙ አልጎደለብሽም፣ ከነገርኩሽ አብዛኛው ከውጭ ነው የሚታየው።

ምክሬ ይህ ነው። ሕንጻው ያለው በማርኬትና በ12ኛ ጎዳና መገናኛ፣ ደቡብ ምዕራብ ማዕዘን ላይ ነው። አንቺ በሰያፍ ተቃራኒ ያለው ማዕዘን ላይ ቁሚ። ከዚያ ጎባጣው ማዕዘን፣ ሁለቱም ፊቶች፣ መስመሮቹ በአንድ ጊዜ ይታያሉ። መኪና ስለሚበዛ ልጆቹን ወደ ግድግዳው አስጠጊያቸው፤ ወደ ላይ እያየ ወደ መንገድ የሚያፈገፍግ ልጅ አይጠፋም። መጀመሪያ የከርቲስ ሮበርትስን 5 ዶላር ንገሪያቸው፣ ከዚያ ኤስካሌተሩን፣ ከዚያ ወደ ላይ የሚሄደውንና ወደ ጎን የሚሄደውን መስመር ያፈላልጉ። ሰዓቱንም ቀይሪው። በቀን ከሆነ ጽሑፉ ብረት ብቻ ነው። ይህን ማቆሚያ የጉብኝቱ መጨረሻ አድርጊውና ፀሐይ ስትጠልቅ ድረሱ፤ በፈረንጆቹ ዲሴምበርና ጃንዋሪ ከአምስት ሰዓት ተኩል በፊት፣ ማለትም እንደኛ ከአሥራ አንድ ተኩል በፊት ስለምትጠልቅ ልጆቹ አይመሽባቸውም። ከበረዳቸው ሬዲንግ ተርሚናል ገበያ በ12ኛ ጎዳና ወደ ሰሜን አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ግን ማምሻውን ስለሚዘጋ ከጉብኝቱ በፊት አብሊያቸው እንጂ በኋላ እንዳትቀጥሪያቸው።

ጽሑፍሽን ስታርሚ ከመጀመሪያው መስመር ላይ «የአሜሪካ የመጀመሪያው ሰማይ ጠቀስ» የሚለውን አውጪውና በቦታው 5 ዶላሩን አስገቢ።